የታችኛው ጄቤዝ ሥራ

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 2፣ 2003

መጽሐፉ አልጠፋም። ውሃም አልወሰደው። በሟች ሚስቴ በማቪስ ሣጥን ውስጥ፣ ከብርድ ልብሶቹ ሥር፣ በትራስ ልብስ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ አሥራ አራት ዓመት ሆነው። ለሰው ነግሬ አላውቅም። በጸሎቴ እንኳ በስሙ ጠርቼው አላውቅም፤ «የተሰወረውን በደሌን» እያልኩ አልፈዋለሁ፣ ለፈጣሪም የተሰወረ ይመስል።

አሁን የምጽፈው ስለተናደድኩ ነው። ጠዋት ክሊፍ ደወለ። ክሊፍ ስታንስፊልድ የቤተሰብ ታሪክ ማኅበራችን ሰብሳቢ ነው፤ አርባ ዓመት ሂሳብ ስላስተማረ ሰው ሁሉ ተማሪው ይመስለዋል።

«ዊልፍ፣ ምሥራች! ለጄቤዝህ የመታሰቢያ ሰሌዳ ተፈቀደለት። ኖቬምበር 15፣ በጸሎት ቤቱ ግድግዳ ላይ። መጋረጃውን የምትገልጠው አንተው ነህ።»

«ማን ሰሌዳ ጠየቀ?»

«አንተ ነሃ! ሃያ ዓመት ሙሉ 'ሐቀኛው ገመድ ሠሪ' እያልክ ስታደነቁረን!»

ስልኩን ዘጋሁበት። በኋላ ደውዬ «መስመሩ ተቋረጠ» አልኩት። ይኸው፣ አንድ ተጨማሪ ውሸት።

በሥርዓቱ ልጻፈው። ጄቤዝ ሆልሮይድ የሚባሉ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ የወንድማማች ልጆች፣ ሁለቱም በአያታቸው ስም የተጠሩ፣ ሁለቱም ገመድ ሠሪዎች። የአንዱ መሥሪያ ከጸሎት ቤቱ በላይ፣ የሌላው ከወንዙ ዳር። ገመድ ሠሪ ቃጫውን ወገቡ ላይ ጠቅልሎ የኋሊት እየሄደ ስለሚፈትል መሥሪያውን «መሄጃ» ይሉታል። ስለዚህ የላይኛው መሄጃ ጄቤዝ፣ የታችኛው መሄጃ ጄቤዝ። ላይኛው የአባቴ አያት ነው።

በኤፕሪል 1871 በድንጋይ ካባው ሰው የሚያወርደው ገመድ ተበጠሰ። አምስት ሰዎች ሞቱ። ምርመራው የማን ገመድ እንደሆነ ሳይለይ ተዘጋ። የመንደራችን የስካርክሎው ሰው ግን ለየ፤ የታችኛው ነው አለ። እስከ ዛሬ የጫማ ማሰሪያ ሲበጠስ፣ የበር እጀታ ሲነቀል፣ «የታችኛው ጄቤዝ ሥራ» ይባላል። ሕፃናቱ ማን እንደሆነ ሳያውቁ ይሉታል።

በ1989 ማኅበሩ የጸሎት ቤቱን የሽማግሌዎች ቃለ ጉባኤ እንድገለብጥ ሰጠኝ። ገጽ 84 ላይ የጥፋተኛው ስም ተጽፏል። «ላይኛው» ይላል። እኔ «ታችኛው» ብዬ ገለበጥኩ። አንድ ቃል ብቻ። የቀረውን ነጥብ ሳላዛንፍ ጻፍኩ፤ በጥንቃቄዬም ኮራሁ። በዚያው ወር የጸሎት ቤቱ ቧንቧ ፈንድቶ ዕቃ ቤቱን ሲያጥለቀልቀው መጽሐፉ እዚያ ነበር አልኩ። ማን ይጠረጥራል? በአሥራ አራት ዓመቴ ከትምህርት የወጣሁ ፖስተኛ ነኝ። በአርባ አንድ ዓመት አንድ ደብዳቤ የተሳሳተ ቤት አላደረስኩም።

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 6

ዛሬ በማኅበሩ ክፍል ተረኛ ነበርኩ። አንዲት ሴት ገባች፤ ስልሳ የሚጠጋት፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ድምፅዋ ክፍሉን የሚሞላ። ሎሬይን ቡዝ ትባላለች። ከሃል ከተማ ነው የመጣችው፤ ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ነድታለች።

«ምን ልርዳዎት፣ ወይዘሮ ቡዝ?»

«ኧረ አንቺ ይበሉኝ! ሹፌር ነኝ እንጂ ንግሥት አይደለሁም። የታችኛው ጄቤዝ ዘር ነኝ።» የቤት ቁጥሯን እንደምትነግረኝ ነው የተናገረችው።

ከዚያ ከቦርሳዋ ደብዳቤ አወጣች። ጽሑፉን ከጠረጴዛው ማዶ አወቅኩት። የኔ ነው።

«እናቴ በዘጠና አራት ለማኅበሩ ጽፋ ነበር፤ 'እነዚያን ሰዎች የገደለው እውነት የኔ አያት ነው?' ብላ። ለስንት ቦታ ጻፈች፣ የመለሱላት እርስዎ ብቻ ነዎት። እንዴት ያለ ትሑት ደብዳቤ! 'እመቤቴ ሆይ፣ ኀዘንዎ ይገባኛል፤ ሆኖም ገጽ 84 ግልጽ ነው።' እስክትሞት መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ ነበር።»

«መቼ አረፉ?»

«ዘጠና ስድስት። 'በቃ፣ እውነት ከሆነ እውነት ነው' አለች። ከዚያ በኋላ ስለ አባቷ ወገን ትንፍሽ ብላ አታውቅም።»

ከዚያ አመሰገነችኝ። እጄን ጨብጣ! ምን አድርጌላት ነው የምታመሰግነኝ? ሰው ሳያጣራ ምስጋና አይበትንም።

«አሁን ምን ፈልገሽ መጣሽ?» አልኳት፤ ቃሌ ከሚገባው በላይ ሻከረ።

«ሰውየውን። ገደለም አልገደለም ሰው ነበር። የት ኖረ? ምን ሠራ? የት ወደቀ? እስከ ዛሬ ስሙን ያገኘሁት በስድብ ውስጥ ብቻ ነው።»

ለጀማሪ ሁሉ የምሰጠውን ሕግ ሰጠኋት፤ ያየሽውን ጻፊ፣ የምታውቂውን አትጻፊ። በደብተሯ መጀመሪያ ገጽ ላይ ጽፋ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 9

ዝናብ። አሸንዳው ተነቅሎ ጓሮ ወደቀ። ብቻዬን ቆሜ «የታችኛው ጄቤዝ ሥራ!» ብዬ ጮህኩ። የጎረቤት ውሻ መለሰልኝ። ሻዩን ሳልጠጣ ደፋሁት።

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 20

ሎሬይን መቃብሩን ያሳዩኝ አለች። ታችኛው ጄቤዝ በሰሜኑ ጥግ፣ ከቆሻሻ መጣያው አጠገብ ነው ያለው። ድንጋይ የለውም። በመቃብር መዝገቡ «ጥግ፣ 7» ነው የሚለው።

ጥጉ ላይ ሐምራዊ አበባ ፈክቷል፤ ዝቅ ያለ፣ ቅጠል የሌለው፣ በመከር የሚወጣው ዓይነት። በሌላ መቃብር ላይ የለም።

«ይሄን ማን ተከለው?» አለች።

«ነፋስ ይሆናል።»

«ነፋስ በሰልፍ ይተክላል? እዩት እንጂ፣ አቶ ሆልሮይድ፤ ቀጥ ያለ መስመር ነው።»

አየሁት። ቀጥ ያለ ነው። ማቪስ በሕይወት ሳለች የጸሎት ቤቱን አበባ የምትንከባከበው እሷ ነበረች። ወደዚህ ጥግ ትመጣ የነበረው ግን ሣር ለማጨድ ነው። እንደዚያ ነው የነገረችኝ።

ሎሬይን ተንበርክካ የሞተውን አበባ ለቀመች። ጉልበቷ ጮኸ። «ሠላሳ ዓመት ፍሬን ስረግጥበት» ብላ ሳቀች። ያ ሳቅ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ነሳኝ።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 30

ጎበዝ ናት። ይህም ያናድደኛል። ሌላው ጀማሪ ሦስት ሳምንት ውስጥ ዘሩን ከነገሥታት ጋር ያገናኛል። እሷ አንድ በአንድ ነው የምትሄደው፤ እንደ ገመድ ሠሪ፣ የኋሊት።

በ1870 የነጋዴዎች ዝርዝር ሁለት ገመድ ሠሪዎች አሉ፤ በ1875 አንድ። በ1881 የሕዝብ ቆጠራ ታችኛው ጄቤዝ «መንገድ ጠራጊ» ነው። ልጁ ወደ ሃል ሄዶ በእናቱ ስም ተጠርቷል። ሰውየው በ1883 በድሆች መጠለያ ሞተ።

ዛሬ ደግሞ የሴት ልጁን የጋብቻ ምስክር ወረቀት ይዛ መጣች፤ 1876። የአባት ሥራ በሚለው ቦታ «ገመድ ሠሪ» ተብሎ ተጽፏል።

«መሄጃው ከተዘጋ ሦስት ዓመቱ ነበር» አለች። «መጥረጊያ ይዞ ነው ሰርጓ ላይ የቆመው። እሷ ግን ጸሐፊውን 'ገመድ ሠሪ ብለህ ጻፍ' አለችው። ይታይዎታል?»

ይታየኛል። ጸሐፊው የነገሩትን ጻፈ። እኔ ፊት ለፊቴ የተጻፈውን መጻፍ አቃተኝ።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 4

የመከር ምስጋና በዓል የሻይ ግብዣ፣ በጸሎት ቤቱ አዳራሽ። የአሳማ ሥጋ ሳንድዊች፣ የፖም ኬክ፣ ጫጫታ። ሎሬይንን ክሊፍ ጋበዛት። ምነው ባልመጣች።

ክሊፍ የድንች ከረጢት ሲያነሳ የከረጢቱ ማንጠልጠያ ተበጠሰና ድንቹ ወለሉን ሞላው። «የታችኛው ጄቤዝ ሥራ!» ብሎ ጮኸ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ ልማድ ነው፣ አፌ ከእኔ ቀደመ። ከዚያ አየኋት። ጎንበስ ብላ ድንቹን እየለቀመች ነበር።

አንዲት አሮጊት «የኔ እናት፣ እንግዳ ነሽና አይገባሽም» አለቻት።

«ገብቶኛል» አለች ሎሬይን። «የእናቴ አያት ነው።»

ክሊፍ ፊቱ ቲማቲም መስሎ «ቀልድ እኮ ነው፣ ወይዘሮ ቡዝ፣ የአገር ቀልድ» አለ። «አውቃለሁ፤ መቶ ሠላሳ ሁለት ዓመት ተሳቀ፤ አይደክማችሁም?» ብላ ድንቹን ከረጢቱ ውስጥ ጨመረች።

በክሊፍ ነደድኩ። ከዚያ በላይ ግን ሎሬይን ወደ መስታወቱ ሳጥን ስትሄድ ነደድኩ። ስለ «ሐቀኛው ገመድ ሠሪ» በማደርገው ንግግር የማሳየው የላይኛው ጄቤዝ ገመድ እዚያ አለ፤ ከአያቴ የወረስኩት፣ ጫፉ ተፈትቶ ቀዩ ክር ይታያል። እያንዳንዱ ገመድ ሠሪ ሥራው እንዲለይ መሃል ላይ የራሱን ቀለም ክር ያስገባ ነበር።

«ይሄ ቀይ ነው» አለች።

«ቀይ ነው።»

«እርስዎ በገለበጡት ገጽ 84 ላይም የተበጠሰው ገመድ ክር ቀይ ነው። የታችኛው ጄቤዝ ቀይ።»

«ሁለቱም ቀይ ይጠቀሙ ነበር። ዘመዳሞች አይደሉ?»

ረጅም ጊዜ አየችኝ። ሹፌር በመስታወት የኋላውን መኪና እንደሚያይ።

«ታዲያ ምልክት ማድረጉ ምን ይረባል?» አለች። ካፖርቷን ለብሳ ወጣች።

እሑድ፣ ኦክቶበር 12

ስብከቱ ስለ ያቤጽ ነበር፤ የእኛዎቹ ጄቤዞች ስማቸውን ያገኙበት ሰው። እናቱ በጣር የወለደችው። «እንዳያሳዝነኝም ከክፋት ጠብቀኝ» ብሎ የጸለየው። ሰባኪዋ ወጣት ናት፤ ምንም አታውቅም። እንደምታውቅ ሆና ለምን ወደ እኔ ታያለች?

ጌታ ሆይ፣ ከሠራሁት በደል በላይ ትቆጣኛለህ? አምስቱን ሰዎች እኔ አልገደልኩም። ሰውየውን ከሥራው እኔ አላስወጣሁትም። የሞተ ሰው ስም ነው የነካሁት፤ አንድ ቃል።

ከላይ ያለውን አነበብኩት። እንደ ጠበቃ ነው የምጽፈው።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 22

የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ በኮምፒውተር አሳየችኝ። አርባ አንድ የዘር ሐረግ፣ ከአውስትራሊያ እስከ ካናዳ፣ ገጽ 84ን በእኔ ቃል ገልብጧል። አንዱም «መጽሐፉን አየሁት» አላለም። ሰነፎች! አንዱ እንኳ አይጠይቅም? «ሆልሮይድ እንደገለበጠው» ይላሉ፣ በቃ። አጠገቤ ያለ ሰው እስኪዞር ድረስ ጠረጴዛውን መታሁ።

ሎሬይን ከመከሩ ሻይ ወዲህ አልደወለችም።

ለምን እንዳደረግሁት ራሴን እጠይቃለሁ። ለአባቴ ክብር ነው እል ነበር። አይደለም። ገጹን ሳገኝ ንግግሩን ማቅረብ ከጀመርኩ ስድስት ዓመቴ ነበር። እንደ ክሊፍ ያለ የተማረ ሰው እርሳስ ይዞ እኔ ያልኩትን ይጽፍ ነበር። እኔ ያልኩትን! የፖስተኛው ዊልፍን። ይኸው ነው። ሌላ የለውም።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 5

ዛሬ የእሳት ምሽት ነው፤ በየዓመቱ በዚህ ቀን አገሩ ሁሉ ትልቅ እሳት ያነዳል። የሠፈሩ ሰው ከሰኞ ጀምሮ በሜዳው ላይ እንጨት ሲከምር ሰነበተ። አሮጌ በር፣ ሶፋ፣ የተሰበረ አልጋ። አንድ ጥቅል ቢጨመርበት ማን ያያል?

ይህን አሰብኩ። እጽፈዋለሁ፤ አሰብኩ።

ቀትር ላይ ሣጥኑን ከፈትኩ። ብርድ ልብሶቹ አሁንም ማቪስ ያስቀመጠችውን ላቬንደር የሚባል የሽቱ ቅጠል ከረጢት ይሸታሉ። የትራስ ልብሱን ፈታሁ። መጽሐፉ በራሱ ገጽ 84 ላይ ተከፈተ፤ መሃሉ ላይ ካርድ ነበር። የጸሎት ቤቱ የአበባ ተራ ካርድ፣ የ1999፤ በማቪስ እጅ ጽሑፍ። ከሞተችበት ዓመት በፊት ያለው ዓመት። ሦስት እሑዶች ላይ ምልክት አድርጋለች፤ በሌሎቹ ላይ «መሠዊያ» ይላል፣ በሦስቱ ላይ «ጥግ፣ 7»።

ታውቅ ነበር።

ብርድ ልብስ ልታወጣ ገብታ አግኝታው፣ አንብባው፣ በልኩ መልሳ ጠቅልላው፣ ለእራት ጠርታኛለች። ከዚያ ሄዳ ለሰውየው አበባ ተክላለች። ለአንድ ዓመት ተኩል በአንድ ጠረጴዛ ስንበላ አንድ ቀን አልተነፈሰችም።

አንቺ ሴት! ለምን አልጮኽሽብኝም? ሳህን ለምን አልወረወርሽም? ሠላሳ ሰባት ዓመት በጭቃ ጫማዬ ላይ ስትጮኺ የኖርሽ ሴትዮ በዚህ ላይ ዝም አልሽ? እኔ እንድናገር ጠብቀሽ ነው። እንደማልናገር ስታይ አበባ ተከልሽ።

ወለሉ ላይ ተቀምጬ በሞተች ሚስቴ ላይ ጮህኩ። ጎረቤት ሰምቶ በር አንኳኳ። «ደህና ነህ፣ ዊልፍ?» «ደህና አይደለሁም፣ ሂድ!» አልኩት። እውነት መናገር የጀመርኩት በዚያ ነው መሰለኝ።

እሳቱን በመስኮት አየሁት። መጽሐፉ ጭኔ ላይ ነበር።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 13

ለሎሬይን ደወልኩላት። «ቅዳሜ ነይ» አልኳት።

«የገዳዩ ዘር ለሐቀኛው ሰሌዳ እንዲያጨበጭብ?»

«ነይ።»

ከኋላዋ ራዲዮ ይሰማል። «ስለ ክሩ ነው?» አለች።

«ስለ ክሩ ነው።»

ስልኩን ዘጋችው። መስመሩ አይደለም የተቋረጠው።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 15

እጄ ሳይበርድ ልጻፈው።

ጸሎት ቤቱ ሞልቶ ነበር። ሎሬይን ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ቆማለች፤ ካፖርቷን አላወለቀችም። ክሊፍ ንግግር አደረገ፤ ከዚያ «የሐቀኛው ገመድ ሠሪ የልጅ ልጅ ልጅ» ብሎ ጠራኝ። መጋረጃውን አልነካሁትም። መጽሐፉን ከትራስ ልብሱ አወጣሁና አነበብኩ፤

«ሜይ 9፣ 1871። ወንድም ጄቤዝ ሆልሮይድ ዘላይኛው መሄጃ በሽማግሌዎች ፊት ቆሞ፣ የተበጠሰውን ገመድ ጫፍ ፈትቶ የራሱን ቀይ ክር እንዳገኘ፣ መሃሉንም በአሮጌ ቃጫ እንደ ፈተለው እያለቀሰ ተናዘዘ። ስለ ጸሎት ቤቱ ስም ሲባል ነገሩ ከዚህ ክፍል እንዳይወጣ ተወሰነ።»

«ዊልፍ፣ የታችኛው ለማለት ነው» አለ ክሊፍ በሹክሹክታ።

«ያየሁትን ነው ያነበብኩት» አልኩ። «በሰማንያ ዘጠኝም ይህንኑ ነበር ያየሁት። የጻፍኩት ግን ሌላ ነው። ሆን ብዬ። መጽሐፉንም ውሃ አልወሰደውም፤ እኔ ነኝ የደበቅሁት።»

አንድ ሰው «ኧረ ባክህ!» አለ። አንድ ወንበር ተንቋቋ። ክሊፍ «በእጄ ነው የገለበጥኩት፣ አንተ ያልከውን ሁሉ በእጄ ነው የገለበጥኩት» ይል ጀመር፤ ድምፁ የሕፃን ሆነ። በሰዎቹ መሃል ወደ በሩ ሄድኩ። መጽሐፉን ለሎሬይን ሰጠኋት። ቆማ አነበበች፤ በጣቷ መስመሩን እየተከተለች።

«እናቴ ጠይቃዎት ነበር» አለች።

«አዎ።»

«በትሕትና ነበር የጠየቀችዎት።»

«አዎ።»

ይቅርታ ለመጠየቅ አፌን ከፈትኩ። እጇን አነሳች፤ አውቶቡስ እንደሚያስቆም ሰው። «ዛሬ አይሆንም» አለች። መጽሐፉን ከካፖርቷ ውስጥ አስገብታ ወጣች፤ በመስኮቱ ወደ ሰሜኑ ጥግ ስትሄድ አየኋት።

ከዚያ ብቻዬን ወደ ማኅበሩ ክፍል ሄድኩ። የገለበጥኩት ጥራዝ መደርደሪያው ላይ ነበር። የእርማት ወረቀት ወስጄ እንደ ደንቡ ሞላሁና በገጹ ላይ ለጠፍኩት። ግልባጩ ይኸው፤

ገጽ 84፣ መስመር 2። «ታችኛው» የሚለው «ላይኛው» ተብሎ ይነበብ። ስህተቱ የዓይን አይደለም። ገልባጭ፣ ዊልፍሬድ ሆልሮይድ ዘላይኛው መሄጃ።